ብርሃን ነው እንጂ ቀለም አይደለም

ጂንካ፣ ኅዳር 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሩሐማ፣

ጂንካን የሚጠብቅ አምላክ ናይሮቢንም አይረሳምና ከክፉ ይሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን የሚያመኝ ሰው ሲያየኝ ነው።

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ጎረቤቴ ትዕግስት አስተማሪ ናት፣ «ጋሼ፣ እኔ ልጻፍልዎት» አለችኝ። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ለሚስቴ የእህት ልጅ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው አልፈልግም አልኳት። ፊደሉ ቢጣመም ቃሉ የኔ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ። የላክሽው ፎቶሽ ደርሶኛል። ከፖስታው ሳወጣው ደነገጥኩ። ግማሽ ፊትሽ ሰማያዊ፣ ግማሽ ፊትሽ ብርቱካን። ከኋላሽ ግድግዳው ላይ ደግሞ የወንፊት ጥላ የመሰለ ነገር ተረጭቷል። ታመሽ ነው? ወይስ ያጠበው ሰው መድኃኒቱን አበላሸው? እኔ በዚህች ከተማ ሰው ሳነሳ ነው የሸበትኩት። ሰው ፎቶ ላይ ሰው መምሰል አለበት። ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ሁለት ጆሮው ይታያል፣ አለቀ። አክስትሽ ያለምወርቅ በሕይወት ኖራ ብታየው «ልጄን ምን አደረጓት» ብላ ታለቅስ ነበር።

ፎቶ ቤቴ እንደ ድሮው አውሮፕላን ሜዳው ዳር ነው። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ላሞች ሜዳው ላይ ይግጣሉ፤ በመጣበት ቀን ሰው ላሞቹን ሲያባርር እኔም ደንበኛ አጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ፎቶው ክፉ ሆኖ ሳለ ዓይኔ ለምን ይመለስበታል? እንዴት እንደተሠራ ጻፊልኝ። ልሠራው አይደለም። ለማወቅ ነው።

አጎትሽ ዓባይነህ

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሼ ዓባይነህ፣

ደብዳቤዎ እጄ ሲገባ የጂንካ ዝናብ የሸተተኝ መሰለኝ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ሰው ሲያይዎትም ሳያይዎትም።

አልታመምኩም ጋሼ። ያጠበውም ሰው አላጠፋም። እዚህ የምሠራበት ፎቶ ቤት መጀመሪያ ወለል ነበር የምጠርገው፤ አሁን መብራት አስተካካይ ሆኛለሁ። ያ ቀለም ፊቴ ላይ አልተቀባም። ከመብራቱ ፊት ጄል የሚባል ቀጭን ባለቀለም ነገር ይሰቀላል፣ ላስቲክ ይመስላል፣ ሙቀት ግን ይችላል። ብርሃኑ በሱ ውስጥ ሲያልፍ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ሰማያዊው ከግራ ነበር፣ ብርቱካኑ ከቀኝ። የወንፊቱ ጥላ ደግሞ እውነትም ወንፊት ነው፤ ከሦስተኛው መብራት ፊት ይዘነው ነው።

ትልቁ ነገር ነጩን መብራት ማራቅ ነው። ነጭ ብርሃን ካረፈበት ቀለሙም ጥላውም ወዲያው ይሞታል። ይህን እርስዎ ራስዎ ያውቁታል፤ ልጅ ሆኜ ነጭ አንሶላ ይዤ ብርሃን ስመልስልዎት «ዝቅ አድርጊው፣ ጥላውን ገደልሽብኝ» ይሉኝ አልነበረም?

ደግሞ አደራ፣ ላስቲክ ሁሉ ጄል አይደለም። አምፖሉ ይግላል። የስጦታ መጠቅለያ እንዳይሞክሩ።

ልጅዎ ሩሐማ

ጂንካ፣ ጥር 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይግባ። ጌታ የዘረጋሽውን እጅ አይጠፍ።

የስጦታ መጠቅለያ አትሞክር ስላልሽኝ ሞከርኩ።

ቀይ ነው የገዛሁት። በዚያው ሰዓት የግብርና ቢሮው ዳርጌ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጣ። ዳርጌን ታውቂዋለሽ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ የማይተኛው ሰውዬ ነው። «ጋሽ ዓባይነህ፣ ምንድን ነው ይሄ? ቤቱን ሲኦል አስመሰልከው» አለኝ። «ዝም በል፣ ናይሮቢ እንዲህ ነው የሚነሱት» አልኩት። አንድ ጊዜ እንዳነሳሁት መጠቅለያው እንደ ጅማት ተኮማተረ፣ ከዚያ ጨሰ። ዳርጌ በሩን በርግዶ ወጣ። ማበጠሪያዬን እንደያዘ ነው የሮጠው፤ እስካሁን አልመለሰም።

ፊልሙ አርባ ምንጭ ታጥቦ ሲመጣ ዳርጌ በርበሬ መስሏል። ያንኑ ለመሥሪያ ቤቱ ሰጥቶ «ይህ ሰው ሠራተኛችን መሆኑ አልተረጋገጠም» ብለው መለሱበት። ከተማው ሁሉ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ፣ በር ዘግቼ።

እንግዲህ እውነተኛውን ላኪልኝ። ቀዩን ተይው። ለጠቆረች ሴት የሚስማማ ምረጪ። ጠቆረች ስል ፊቷ የሚያበራ፣ ዕድሜዋ የኔን ያህል ያልገፋ። ደንበኛ ናት። ለመታወቂያ ልትነሳ መጣች፣ ጥሩ አድርጌ አነሳኋት፣ ሁለቱም ጆሮ አለ። ፎቶውን ስትወስድ አየት አድርጋ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ይሄ ለቀበሌ ይሆናል። ለኔ ግን አይሆንም።» በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ተናድጄ ነው የምጠይቅሽ። ሌላ ምክንያት የለውም።

አጎትሽ ዓባይነህ

ናይሮቢ፣ የካቲት 18 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓባይነህ፣ ቤትዎ ሳይቃጠል ያቆየልዎት አምላክ ይመስገን፣

ዳርጌን ሳስበው መንገድ ላይ ብቻዬን እየሳቅሁ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት ሾፌሩ ጥላሁን ነው፤ በሞያሌ በኩል ዞሮ ይመጣል። ከሱ ጋር ሁለት ነገር ልኬአለሁ። አንዱ ጄል ነው፦ ሰማያዊ፣ የማር ቀለም ያለውና ፈዘዝ ያለ ሮዝ። ለጠቆረ ፊት ማሩ ከፊት ለፊት፣ ሰማያዊው ከኋላ በጎን ሲመጣ ያምራል፤ ፀጉሯንና ትከሻዋን ከጨለማው ይለይልዎታል።

ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ሲያወርዱት በጉልበትዎ አይኩሩ። ድሮ ሚስዮናውያን ግድግዳ ላይ ሥዕል ያሳዩበት የነበረው ዓይነት ማሽን ነው። አለቃዬ ሊጥለው ሲል ለመንኩት። ሥዕሉ በሚገባበት ትንሽ ክፈፍ ውስጥ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ያድርጉበት። ወረቀቱን በመርፌ ይውጉት። ማሽኑ ሲበራ የወጉት ሁሉ ብርሃን ሆኖ ሰው ላይ ያርፋል። የፊተኛውን መስታወት ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እያዞሩ ምስሉን ያጥሩት። ጨለማ ይሁን፣ ሰውየው አይነቃነቅ።

አንድ ነገር ግን ጋሼ። ደንበኛዋ ስም የላትም?

ልጅዎ ሩሐማ

ጂንካ፣ መጋቢት 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፣

ሰላም ለቤትሽ። ስም አላት። ሰው ሁሉ ስም አለው።

ማሽኑ ደህና ገብቷል። ጥላሁን «አባባ፣ ላግዝዎት» አለኝ፣ «አባትህን አግዝ» አልኩት፣ ከዚያ ከደፉ ላይ ጣልኩት። የተሰበረው እግሩ ብቻ ነው፤ የኔ ሳይሆን የማሽኑ። በእንጨት ቀጠልኩለት።

መጀመሪያ መስኮት ሠራሁ። ቀጥሎ ቅጠል። ቅጠሉ ትዕግስት ላይ ሲያርፍ ጉንጯ የተቀደደ መሰለ፤ «ጋሼ፣ ለተማሪዎቼ እንዳያሳዩብኝ» ብላኛለች። መስታወቱን ሳዞር ደብዝዞ የነበረው ቀስ እያለ ሲጠራ ማየት፣ ልጄ፣ ጉም ከተራራ ሲነሳ እንደማየት ነው። ደንበኛ እያስጠበቅሁ ብቻዬን ሳዞር የምውልበት ቀን አለ።

ከዚያ ሙሉሽ መጣች። ገበያው ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፣ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ትዘምራለች፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አባቷ የጂንካ አሪ ነበር፤ እናቷን አላውቃትም። የሠራኋቸውን ንድፎች አንድ በአንድ አሳየኋት። «ይሄ መስኮት ነው። ቤቴ መስኮት አለኝ» አለች። «ይሄ ቅጠል ነው። ጓሮዬ ሞልቷል።» አንዱንም አልወደደችውም። ከዚያ ብርማውን ወረቀት ከእጄ ተቀብላ የስፌት መርፌዋን ከቀሚሷ ደረት ነቀለችና ትወጋ ጀመር። በረድፍ በረድፍ፣ አንዳንዴ ቆም ብላ ዓይኗን ጨፍና።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?» አልኳት።

«ዝም ብለው ይጠብቁ፣ ጋሽ ዓባይነህ።»

ሰው በገዛ ቤቴ ዝም በል ሲለኝ ዝም አልልም። ያን ቀን ዝም አልኩ።

ማሩን ከላይ በትንሹ፣ ሰማያዊውን ከኋላ አደረግሁ። ንድፏን ለቀቅሁባት። ነጫጭ ነጠብጣብ ከግንባሯ ተነስቶ በጉንጮቿ ወርዶ አንገቷ ላይ ተሰበሰበ። ኮከብ ነው አልኩ። ኮከብ የለበሰች ሴት። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ለሷ አንዱን ሰጠኋት፤ ይዛው ቆመች፣ ከዚያ በነጠላዋ ጠቅልላው ወጣች። እኔ ደግሞ አንዱን አስተልቄ መንገድ ዳር ባለው መስታወቴ ሰቅዬዋለሁ። የቅዳሜ ገበያተኛ አላልፍ አለ።

አጎትሽ ዓባይነህ

ጂንካ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለሩሐማ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። ከመጋቢት ወዲህ ቃልሽ አልመጣልኝም።

ነገር ተበላሽቷል። መስታወቱ ላይ የሰቀልኩትን ፎቶ አንዱ አይቶ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነገረ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መጥተው ከመንገድ ማዶ ቆመው አዩት። አውራው ኤርጎ ነው፤ መነጽሩን አድርጎም አውልቆም አየው። «እናቷ ኦሞ ወንዝ ዳር ካለችው የዱስ መንደር ነበረች፣ የካራ ጎሳ ሰው» አለ። «እነሱ ለጭፈራ ሲወጡ ፊታቸውን በነጭ አፈር እንዲህ ነው የሚያነጠብጡት። እህት ሙሉሽ ተቀብታ ተነሳች ማለት ነው።» ወጥቼ ብርሃን ነው እንጂ ቀለም አይደለም አልኩ። «ወንድም ዓባይነህ፣ ብርሃን ነጠብጣብ የለውም» አለኝ። ሙሉሽን ጉዳዩ እስኪጣራ ከመዘምራን አግደዋታል።

ሰቅለው ለሰው ያሳዩኝ አላለችኝም ነበር። ሳልጠይቃት ነው የሰቀልኩት። አሁን በገበያ ስታየኝ ጨርቋ ላይ ታቀረቅራለች።

እንግዲህ ልንገርሽ፤ በስልክ ቤት ተሰልፌ ጮኼ የምናገረው ነገር አይደለም። ይህችን ሴት ላገባት እፈልጋለሁ። እሷ አታውቅም። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። አክስትሽን አልረሳሁም፤ ያለምወርቅን የምረሳ ቀን ስሜንም እረሳለሁ። ግን ቤቱ ዝም ብሏል፣ ልጄ። ካኮረፍሽ አኩርፊ። እያኮረፍሽም ጻፊልኝ።

ዓባይነህ

ጂንካ፣ ግንቦት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለሩሐማ፣

አሁንም ዝም ብለሻል። እግዚአብሔር ደህና ያድርግሽ እንጂ አንቺን መጠበቅ ዝናብ መጠበቅ ነው። ያም ሆኖ ድሌን ስሚ።

እሁድ ማሽኑን በጋሪ ጭኜ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ከስብከቱ በኋላ ተነሳሁና «የሰው ስም ጠፍቷል፣ ላስመልስ ነው፣ መስኮቶቹን ዝጉልኝ» አልኩ። ሕዝቡ ተንጫጫ። ኤርጎ መድረኩ ላይ ቆሞ «ወንድም ዓባይነህ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለ። «ቁም እንጂ አትፍራ» አልኩት። መስኮቱ ተዘጋ፣ ጀነሬተሩ ተነሳ፣ የሙሉሽን ንድፍ ከትቼ ማሽኑን ወደሱ አዞርኩ።

ልጄ፣ ኤርጎ መላጣ ነው። ነጠብጣቡ ራሱ ላይ እንደ ዘር ተበተነ፣ በጉንጩ ወረደ፣ ነጭ ሸሚዙን ሞላው። ከመዘምራኑ አንዷ ሳቀች። ኤርጎ መሀረቡን አውጥቶ ራሱን ጠረገ። ነጠብጣቡ መሀረቡ ላይ መጣ። መሀረቡን አራገፈው። ነጠብጣቡ እጁ ላይ ቀረ። ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አሮጊቶቹ እልል አሉ። ኤርጎ ራሱ ሆዱን ይዞ «በቃ፣ በቃ አጥፋልኝ፣ ያንተን ብርሃን ጌታ ይባርከው» አለ።

እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ «አያችሁ? ቀለም የለም፣ ዱስ የለም፣ ጭፈራ የለም። ባዶ ብርሃን ነው» አልኩ። እዚያው እግዱን አነሱላት።

ዞር ብዬ ፈለግኋት። አልሳቀችም ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማ ወጣች። እስካሁንም ወደ ፎቶ ቤቴ ብቅ አላለችም። ስሟን መልሼላት ምን ቀረኝ? ሴት አይገባኝም። አንቺም ሴት ነሽ፣ አንቺም አትጽፊም።

ዓባይነህ

ናይሮቢ፣ ሰኔ 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለጋሼ፣ ለዘገየሁበት ሁሉ ይቅርታ እየለመንኩ፣

ከሥራ ጋር ሞምባሳ ወርጄ ነበር፤ ሦስቱም ደብዳቤዎችዎ በአንድ ቀን ነው የተሰጡኝ። እሱ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ፣ የሚያዝያውን ካነበብኩ በኋላ መልስ ለመጻፍ ቀናት ወሰደብኝ። አክስቴን አስቤ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ትዝ ያለኝ እሷ ራሷ ናት፤ «እኔ ቀድሜ ከሞትኩ ይሄ ሰውዬ ካልሲውን የት እንዳደረገ ማን ይነግረዋል?» ስትል። ጋሼ፣ እኔ አላኮረፍኩም። ከጥር ጀምሮ አውቄአለሁ። ለደንበኛ ቀለም አስመርጠው አያውቁም።

የኤርጎን መሀረብ ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜላቸው ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታቸው።

አሁን ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ይቆጡኝ። እርስዎ ኮከብ ነው አሉ። እሷ ኮከብ ነው ብላለች? ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትወጋው ብለው ጽፈውልኛል። ሰው ዓይኑን የሚጨፍነው ያየውን ነገር ለማስታወስ ነው። ኤርጎ ስለ እናቷ የተናገረውም አለ። ከዚያ እርስዎ በሕዝብ ፊት «ዱስ የለም» አሉ።

ጠይቀዋታል?

ልጅዎ ሩሐማ

ጂንካ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፣

መልስሽ ስለመጣ ተመስገን። ባያስደስተኝም ተመስገን።

ደብዳቤሽን አንብቤ ተናደድኩ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት፣ ሳምንት ዞርኩበት። ከዚያ ዝናቡ ሲያባራ ሄድኩ። ሱቋ ውስጥ የመዘምራኑን ልብስ እየሰፋች ነበር። ወንበር አልሰጠችኝም።

«ያ ነጠብጣብ ኮከብ ነው?» አልኳት።

የስፌት መኪናውን አቆመች። «አሁን ነው የሚጠይቁኝ?»

«አሁን ነው።»

እናቷ እውነትም የዱስ ሰው ነበረች። በኦሞ ዳር ማሽላ በሚሰበስቡበት ጊዜ ፊቷንና አንገቷን እንደዚያ ትነጠብጥ ነበር። ሙሉሽ ትንሽ ሆና አንድ ጊዜ ዱስ ወስዳት አይታታለች። ከዚያ እናቷ ብዙ ሳትቆይ ሞተች። «ፎቶ የላትም» አለችኝ። «አንድም። ፊቷ እየጠፋብኝ ነው፤ ነጠብጣቡ ብቻ ቀርቶኛል። አፈር ብቀባ ያባርሩኛል። አንተ ብርሃን ይዘህ መጣህ። እናቴን ፊቴ ላይ ላያት ነበር። አየኋትም። ከዚያ አንተ ተነስተህ ሰው ሁሉ እያሳቅህ የለችም አልካቸው።»

ሲቆጣ ሰው አንቱታውን እንደሚጥል ልብ በይ። አልተቀየምኩም።

«ልረዳሽ ብዬ ነው» አልኩ።

«ብርሃን ባይሆንስ? ቀለም ቢሆንስ ኖሮ፣ እኔ ሙሉሽ አልነበርኩም?»

«እሁድ ተነስቼ ልናገር፣ ሁሉንም ላስተካክል» አልኳት። «ስለ እኔ አትናገር!» አለችና መኪናዋን እንደገና ረገጠች። በዚያ ጩኸት ማንም መናገር አይችልም።

ይኸው ነው። ይቅርታ ማለት እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ያለምወርቅን ይቅርታ ስፈልግ እንጨት ነበር የምፈልጥላት። ሙሉሽ እንጨት አትፈልግም። ምክር እየጠየቅሁሽ አይደለም።

አጎትሽ ዓባይነህ

ናይሮቢ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለጋሼ፣ አምላክ ልብዎን እንዳለሰለሰው እግርዎንም ያቅናልኝ፣

ምክር ካልጠየቁ አልመክርም።

ግን እንዲያው ሳስበው፣ የጂንካን ሰው ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጠዋል። ቀና በል፣ ዝም በል፣ አትነቃነቅ ብለዋል። እርስዎ ተቀምጠው ያውቃሉ?

ልጅዎ ሩሐማ

ጂንካ፣ መስከረም 24 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፣

አዲሱ ዓመት ያሰብሽውን ያድርግልሽ። አደይ አበባው አውሮፕላን ሜዳው ዳር ወጥቷል፤ ላሞቹ እየበሉት ነው።

ተራ በተራ ልንገርሽ። ሙሉሽን ያገዷት ጊዜ የተናገረላት እኔ ነበርኩ፤ በነሐሴ መጨረሻ እሁድ ግን ራሷ ተነሳች። እኔ ከበሩ አጠገብ ከወትሮው ቦታዬ ነበርኩ። «ብርሃን ነው» አለች። «ወንድም ዓባይነህ አልዋሸም። የተሳለው ግን የእናቴ ነው። እናቴን አላፍርባትም። ጌታም አያፍርባትም፤ እሱ ነው የሠራት። ልታግዱኝ ብትፈልጉ አሁን ነው።» ኤርጎ ራሱን ዳሰሰ፣ ነጠብጣቡ ያለ ይመስል። ከዚያ «እህት ሙሉሽ፣ መዝሙሩን ጀምሪልን» አለ። በቃ። ጀመረችው።

በነጋታው ሽማግሌው ኤርጎ በጓሮ በር ወደ ፎቶ ቤቴ መጣ። አሪ ነው፣ አያቱ ነበረች ያሳደገችው። ከደጃፏ የነበረው እንሰት ቅጠሉ በነፋስ ተተልትሎ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ላይ ጥላ ይጥል ነበር አለኝ። «እሱን ትሠራልኛለህ? ጥላ ነው፣ ምንም ክፋት የለበትም» አለ። ብርማውን ወረቀት በምላጭ ተለተልኩለት። ማሽኑ ሲበራ ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። የሰፈሩ ሴቶች ይህን ሰምተው አሁን በፊት በር ይመጣሉ። ከነሱ አንዷ፣ አርቦሬ የተወለደች፣ የእናቷን ጨሌ ረድፍ ወጋች። ዳርጌም መጣ፣ ማበጠሪያዬን ይዞ፤ «ቀዩን እንዳታበራብኝ» ብሎ ቆሞ እያየ ሄደ።

ሙሉሽ ግን አልመጣችም። ስለዚህ ሄድኩ። «ወንበሬ ላይ ልቀመጥ ነው፤ የሚያነሳኝ የለም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ ብዙ። መርፌዋን ከጨርቁ ነቅላ ተከተለችኝ።

ካሜራውን አሳየኋት፣ የቱ እንደሚጫን። ተቀመጥኩ። ልጄ፣ ያ ወንበር ደረቅ ነው። እስከዛሬ ያልነገረኝ ሰው የለም፤ እኔ ነኝ ያላመንኩት። ብርማ ወረቀት አነሳችና «ያንተስ እናት? ምን ነበራት?» አለችኝ።

እናቴ ወታደር አባቴን ተከትላ ከወሎ የመጣች ናት። አንገቷ ላይ እንደ ሀብል የዞረ ንቅሳት ነበራት። ለማንም አውርቼው አላውቅም። ነገርኳት፣ እሷ ትወጋለች፦ «ሦስት ዙር ነው። ታችኛው መሃሉ ላይ ይጣመማል፤ የነቀሰቻት ሴት እጇ ተንቀጥቅጦ ነው፣ እናቴ ሁልጊዜ ትስቅበት ነበር።» አጣመመችው። ማሩን ከፊቴ ሰቀለች። ማሽኑን አበራችና መስታወቱን ቀስ እያለች አዞረች። እኔ ፊቴን የማይበት መስታወት ይዤ ነበር። የእናቴ አንገት አንገቴ ላይ መጣ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ መብራቱ ይሞቃል።

«አጥፍቻለሁ» አልኳት። ቃሉ ወጣ፣ ልጄ፣ ሰማይም አልወደቀም።

«አትናገር፣ ትነቃነቃለህ» አለች ከካሜራው ኋላ።

«ሙሉሽ፣ ላገባሽ እፈልጋለሁ።»

«አትነቃነቅ አልኩህ።» ጫነችው። ብቅ አለችና አየችኝ። «እሱን ደግሞ አንድ ጊዜ በለው። በመጀመሪያው ሳላይህ ነው ያልከው።»

ደገምኩት።

«እሺ» አለች። «ግን ስለ እኔ ቆመህ አትናገርም። እኔ አፍ አለኝ።»

«እሺ» አልኩ።

«ፎቶዬንም ሳትጠይቀኝ አትሰቅልም።»

«እሺ።»

«ደግሞ ወንበሩን ጨርቅ አልብሰው፤ ሰው እዚህ ተቀምጦ እንዴት ይስቃል?» አሁን ጥጥ ሞልታ ሰፍታለታለች። ደንበኛ ተቀምጦ አልነሳም ይለኛል።

ያልኳትን ጠብቄ ጠየቅኋት፤ የሷና የኔ ፎቶ ጎን ለጎን መስታወቱ ላይ እንዲሰቀል ፈቅዳለች። ዱስና ወሎ ጎረቤት ሆነዋል። ገበያተኛው አሁንም አላልፍ ብሏል።

ሠርጉ ጥር አጋማሽ ነው። ጥላሁን በዚያ ሰሞን ከሞያሌ ስለሚመጣ አብረሽው ነይ፤ መንገዱ ይንጣል፣ ትራስ ያዢ። የማሩን ጄል ጨምረሽ አምጪ፤ ሰማያዊውን ግን ለኔ አታምጪ፣ የሞተ ያስመስልሃል ብላኛለች። ሰው ሁሉ «የፎቶ አንሺ ሠርግ፣ ማን ሊያነሳ ነው?» እያለ ያሾፍብኛል። የናይሮቢ ባለሙያ አለችኝ እላቸዋለሁ። ካሜራውም ማሽኑም ያንቺ ነው፣ እንዳሻሽ አብሪን። እኔ በዚያ ቀን ምንም አልነካም፤ እጄ የሷን እጅ ይዟል።

አጎትሽ ዓባይነህ